ስም ሳይጠሩ መውጋት፦ የኤሪካ ማን ካባሬ ከሙኒክ እስከ ኒው ዮርክ

ጃንዋሪ 1 ቀን 1933 ማታ፣ ሙኒክ ውስጥ ሆፍብሮይሃውስ ከተባለው ዝነኛ ቢራ ቤት አጠገብ፣ ቦንቦኒየር በምትባል ጠባብ አዳራሽ አንድ አዲስ ካባሬ ሥራ ጀመረ። ስሙ «ፌፈርሚውለ»፣ ማለትም የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ነበር። (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከ29 ቀን በኋላ ሂትለር የጀርመን መራሔ መንግሥት ሆኖ ተሾመ። የካባሬው መሥራች፣ ዋና ጸሐፊና መድረክ መሪ የ27 ዓመቷ ኤሪካ ማን ነበረች።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጀግንነት ታሪክ ሆኖ ነው። ድፍረቱ አያጠያይቅም። ነገር ግን ድፍረት ብቻውን አንድን ቡድን 1,034 ጊዜ መድረክ ላይ አያወጣም። አዳራሽ መከራየት አለ፤ የየከተማው ፖሊስ ፈቃድ አለ፤ ፓስፖርት አለ፤ የተዋናዮች ደመወዝ አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሳንሱር የሚያደርግ ሹም እርሳስ ይዞ ቢቀመጥ እንኳ የሚያሰምርበት ዓረፍተ ነገር የማያገኝበት ጽሑፍ ያስፈልጋል። ፌፈርሚውለ አራት ዓመት የቆየው ይህን ጽሑፍ መጻፍ ስለቻለ ነው። በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የወደቀውም በዚያው ጽሑፍ ምክንያት ነው።

ካባሬ ለማያውቀው አንባቢ፦ አንድ ወጥ ተውኔት አይደለም። ተመልካቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እየጠጣ በፒያኖ የታጀቡ አጫጭር ዘፈኖችን፣ ግጥሞችን፣ ጭውውቶችንና ጭፈራዎችን ያያል። በየመሀሉ መድረክ መሪዋ ብቅ እያለች የሚቀጥለውን ታስተዋውቃለች፤ ትሸነቁጣለች፤ ትቀልዳለች። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው መንፈሱን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ የፌፈርሚውለ ግጥም በመድረክ ላይ የሚፈጠር ሳይሆን አስቀድሞ የተጻፈና የተጠና መሆኑ ነው።

ከቲያትር ወደ ፖለቲካ

ኤሪካ ኖቬምበር 9 ቀን 1905 ሙኒክ ተወለደች። የደራሲው የቶማስ ማንና የካትያ ፕሪንግስሃይም የመጀመሪያ ልጅ ናት። ከእሷ አንድ ዓመት የሚያንሰው ወንድሟ ክላውስ ዕድሜ ልኩን የሥራ ጓደኛዋ ሆኖ ኖረ። በርሊን ውስጥ በማክስ ራይንሃርት ትምህርት ቤት ትወና ተማረች። በ1926 ተዋናዩን ጉስታፍ ግሩንድገንስን አገባች፤ ትዳሩ ሦስት ዓመት አልዘለቀም። ግሩንድገንስ ኋላ በናዚዎች ዘመን ከታላላቆቹ የቲያትር ሹማምንት አንዱ ሆነ፤ እሷ ግን የተቃራኒውን መንገድ ያዘች።

እስከ 1931 ድረስ ፖለቲካ ብዙም አያስጨንቃትም ነበር። ከወንድሟ ጋር ዓለምን ዞረች፤ የጉዞ መጽሐፍ አሳተመች፤ ለጋዜጣ ቀለል ያሉ ጽሑፎች ጻፈች፤ 10,000 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የአውሮፓ የመኪና ውድድር ከጓደኛዋ ጋር በፎርድ መኪና ተወዳድራ አሸነፈች። የባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ደህና ኑሮ ነበር።

ነገሩን የቀየረው የጃንዋሪ 13 ቀን 1932 ምሽት ነው። ሙኒክ ውስጥ የሰላም ወዳድ ሴቶች ማኅበር በጠራው ስብሰባ ላይ ቪክቶር ሁጎ ጦርነትን በመቃወም የጻፈውን ጽሑፍ እንድታነብ ተጋበዘች። ቡኒ ሸሚዝ ለባሾቹ የናዚ ጀሌዎች ገብተው ስብሰባውን በረብሻ አመሱት። በማግስቱ የናዚ ጋዜጦች በስሟና በቤተሰቧ ላይ ዘመቱ፤ ሥራ ሊሰጣት የነበረ አንድ ቲያትር ቤትም ውሉን አፈረሰ። ከሰሰች፤ ፍርድ ቤት ፈረደላት። በ1932 የጀርመን ፍርድ ቤት ገና እንዲህ ዓይነት ፍርድ ይሰጥ ነበር። ይህ ጉዳይ ሁለት ነገር አስተማራት፦ አንደኛ፣ ተዋናይ በሌላ ሰው ቲያትር ቤት ተቀጥራ እስከኖረች ድረስ አንድ የስልክ ጥሪ ከእንጀራዋ እንደሚነቅላት፤ ሁለተኛ፣ በቀጥታ የተነገረ የሰላም ንግግር ተቃዋሚውን ጠርቶ ማምጣቱን። የራሷን መድረክ ማቋቋሟም፣ በመድረኩ ላይ ንግግር ማስወገዷም ከዚህ የመጣ ይመስላል።

አንድ ምሽት እንዴት ይዘጋጅ ነበር

የመጀመሪያው ቡድን አነስተኛ ነበር። ምሰሶዎቹ አራት ናቸው፦ ኤሪካ፤ ጥቂት ጽሑፎች ያዋጣ የነበረው ክላውስ፤ ዜማውን የደረሰውና ፒያኖ ላይ የተቀመጠው ማግኑስ ሄኒንግ፤ እና ካመርሽፒለ የተባለው የሙኒክ ቲያትር ቤት ታዋቂ ተዋናይት ቴሬዘ ጊዘ። የካባሬውን ስም ያወጣው ቶማስ ማን ራሱ ነው ይባላል፤ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ስም ሲፈለግ ቁንዶ በርበሬ መፍጫውን አንስቶ አሳያቸው። ኋላ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲቢለ ሽሎስና ዳንሰኛዋ ሎተ ጎስላር፣ ሌሎችም ተጨመሩ።

ከጽሑፎቹ የሚበዙትን የጻፈችው ኤሪካ ናት። ዋናው ሕግ አንድ ነበር፦ ሂትለር አይጠራም፤ ናዚ አይባልም፤ ጀርመንም በስሟ አትነሳም። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ስልቱን ቶሎ ይይዘዋል። ሰሙ ተረት ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ልዑል፣ ምግብ አብሳይ፣ ባለሱቅ፣ ከግሪም ተረቶች የተዋሰችው የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናቸው። ወርቁን ተመልካቹ ከዕለቱ ጋዜጣ ያመጣዋል።

ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ቁጥር (በካባሬ እያንዳንዱ አጭር ትርኢት ቁጥር ይባላል) «የውሸት አገር ልዑል» ነው። ኤሪካ ራሷ ቡትስ አጥልቃ፣ ወታደራዊ የመሰለ ልብስ ለብሳ ትወጣለች። ልዑሉ ስለ አገሩ ይፎክራል፦ እዚያ እውነት መናገር የተከለከለ ነው፤ አገሩ ሁሉ በውሸት መረብ ተሸፍኗል፤ ውሸትም ታላቅ ትርፍ ያስገኛል። ጽሑፉ ላይ ብቻ ቢታይ የሕፃናት ተረት ነው። ልብሱና አነጋገሩ ሲጨመሩ ግን ልዑሉ ማንን እንደሚወክል የማያውቅ ተመልካች አልነበረም። ፖሊስ የሚይዘው ግን ወረቀቱን ነው፤ ቡትስ ጫማን በፍርድ ቤት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ይከብዳል።

ቴሬዘ ጊዘ ሌላውን አቅጣጫ ያዘች። «ወይዘሮ ኤክስ» የምትባለው ገጸ ባሕርይዋ ተራ ባለሱቅ ናት። ክፉም ደግም አይደለችም፤ ኑሮዋን ትኖራለች፤ ጥቃቅን ውሸቷን ትዋሻለች፤ በላይ የሚሆነው ነገር የእሷ ጉዳይ እንዳልሆነ ታምናለች። «ሞኝነት» በሚለው ቁጥር ደግሞ ጊዘ ሞኝነትን ራሷን ሆና ትወጣና በገዥዎች ዘንድ ስላላት ክብር ትኩራራለች። የልዑሉ ቁጥር ተመልካቹን በበርሊን ያሉትን ሰዎች ያስጠላዋል፤ የወይዘሮ ኤክስ ግን ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው፣ አንዳንዴም ራሱን እንዲያይ ያደርገዋል። የኤሪካ ችሎታ ከምንም በላይ በቅደም ተከተሉ ላይ ይታያል። በካባሬ አንድ ከባድ ቁጥር ከመጣ ቀጥሎ ጭፈራ ወይም ቀልድ ካልመጣ አዳራሹ ይጨልማል፤ ሦስት ቀልድ በተከታታይ ከመጣ ደግሞ ምሽቱ ተራ ጨዋታ ይሆናል።

ስም አለመጥራት ሌላ ጥቅምም ነበረው፤ ይህኛው እምብዛም አይነሳም። የዕለት ዜና ላይ የተመሠረተ ቀልድ በሳምንቱ ይሻግታል። የተረት ገጸ ባሕርይ ግን ዜናው ቢለዋወጥም አይለወጥም። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ለወራት፣ በተለያዩ አገሮች፣ እንደገና ሳይጻፍ ይሠራ ነበር። በጉዞ ላይ ለሚኖር፣ የመንግሥት ድጎማ ለሌለው፣ ከትኬት በቀር ገቢ ለማያውቅ ቡድን ይህ የሕልውና ጉዳይ ነው።

ከሙኒክ መውጣት

የሙኒኩ ሥራ የቆየው ሁለት ወር ነው፤ በጃንዋሪ አንድ ፕሮግራም፣ በፌብሩዋሪ ሌላ። አዳራሹ ይሞላ ስለነበር ለኤፕሪል ሰፋ ያለ ቦታ ታስቦ ነበር። ፌብሩዋሪ 27 ቀን በርሊን ውስጥ የፓርላማው ሕንጻ ተቃጠለ፤ ማርች 9 ቀን ናዚዎች የባቫሪያን መስተዳድር ያዙ። የቡድኑ ሰዎች በቀናት ውስጥ ተበተኑ።

ቶማስ ማንና ካትያ በዚያ ሰሞን ስዊዘርላንድ አሮዛ ነበሩ። ልጆቹ ከሙኒክ ስልክ ደውለው ስልኩ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል በሚል ፍራቻ ስለ አየር ጠባይ አወሩ፦ ሙኒክ ዝናብ ነው፤ አየሩ ክፉ ነው፤ ባትመጡ ይሻላል። አባት ሰሙን እንጂ ወርቁን አልያዘም፤ አሮዛም አየሩ ጥሩ አይደለም ብሎ መለሰ። ደጋግመው ካስረዱት በኋላ ነው የገባው። የዚያ ቤት ልጅ ስውር ንግግርን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ታስተላልፍ ነበር፤ ለገዛ አባቷ ግን በስልክ ማስተላለፍ አቃታት። ነገሩ ሲታይ ፈገግ ያሰኛል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ።

ስዊዘርላንድ፦ ፈቃድ በየካንቶኑ

ፌፈርሚውለ እንደገና የተከፈተው ሴፕቴምበር 30 ቀን 1933 ዙሪክ ውስጥ፣ ኒደርዶርፍ ሰፈር በሚገኘው ሆቴል ሂርሸን ነው። የቶማስ ማን ቤተሰብም በዚያው ሰሞን ዙሪክ ሐይቅ ዳር ኪውስናክት ገብቶ ነበር። ስኬቱ ከተጠበቀው በላይ ሆነ።

የስደተኛ ቡድን በስዊዘርላንድ የሚሠራበትን ሁኔታ ሳያውቁ ቀጥሎ የመጣውን መረዳት አይቻልም። አገሪቱ ካንቶን በሚባሉ ራስ ገዝ ክፍላተ ግዛት የተከፋፈለች ናት። የመድረክ ፈቃድ የሚሰጠው ካንቶኑ ወይም ከተማው ነው፤ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ደግሞ በውጭ ዜጎች ፖሊስ እጅ ነው። ስደተኛ በፖለቲካ እንዳይሳተፍ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ቡድኑ በየጊዜው ራሱን የሚያስተዋውቀው የሥነ ጽሑፍ ካባሬ ነኝ ብሎ ነበር። ይህ የዳኝነት መበታተን በሁለት በኩል የተሳለ ነው፦ ባዝል የፈቀደውን ዳቮስ ይከለክላል፤ ዙሪክ የከለከለውን ደግሞ ሌላው ይፈቅዳል። አንድ በር ሲዘጋ ቡድኑ አገር ለቅቆ መሄድ አልነበረበትም፤ በቀጣዩ ባቡር ሌላ ካንቶን ይገባል። በአንጻሩ የጀርመን ቆንስላዎች በአንድ ቦታ ባይሳካላቸው በሌላው ይሞክራሉ። ዳቮስ ፈቃድ ከከለከሉት አንዷ ነበረች፤ በስዊዘርላንድ የናዚ ፓርቲ መሪ የነበረው ቪልሄልም ጉስትሎፍ ይኖርባት የነበረችውም ዳቮስ ናት።

ዋናው ግጭት የመጣው በኖቬምበር 1934 ነው። ቡድኑ ወደ ሰፊው የዙሪክ ኩርዛል አዳራሽ ተዛውሮ ነበር። ኖቬምበር 16 ቀን «ናሲዮናለ ፍሮንት» የሚባለው የስዊዝ ፋሺስት ድርጅት ደጋፊዎች ትኬት ቆርጠው ገቡና በፕሮግራሙ መሀል አዳራሹን በፉጨትና በጸረ አይሁድ ጩኸት አናወጡት። ድብድብ ተነሳ። በተከታዮቹ ቀናት ውጭም ሰልፍና ግርግር ስለቀጠለ ምሽቶቹ በፖሊስ ጥበቃ ሆኑ። በዚያው ወር ሻውሽፒልሃውስ የተባለው የዙሪክ ቲያትር ቤትም የናዚዎችን ጸረ አይሁድነት የሚያሳይ ተውኔት በማቅረቡ በእነዚሁ ሰዎች ተረብሾ ነበር፤ ስለዚህ ዘመቻው በአንድ ካባሬ ብቻ ላይ አልነበረም።

ከረብሻው መሪዎች አንዱ ጄምስ ሽቫርትሰንባክ የሚባል ወጣት ነበር። ስሙን ስዊዞች ዛሬም አይረሱትም፤ በ1970 የውጭ ዜጎችን ቁጥር ለመገደብ የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። የአጎቱ ልጅ ደራሲዋ አነማሪ ሽቫርትሰንባክ ደግሞ የኤሪካና የክላውስ የቅርብ ወዳጅ ነበረች፤ ክላውስ አምስተርዳም ላይ የሚያሳትመውን የስደተኞች መጽሔት በገንዘብ ትረዳ ነበር። ቤተሰቧ ከዙሪክ ቱጃሮች የሚቆጠር ነው፤ እናቷ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የስዊዝ ጦር አዛዥ የነበረው የጄኔራል ቪለ ልጅ ናት። አነማሪ በጋዜጣ ላይ ለካባሬው ተሟግታ ጻፈች። ውጤቱ ከገዛ ቤተሰቧ መቆራረጥ ሆነ፤ በ1935 መጀመሪያ ራሷን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደረሰች። በዚህ ጉዳይ ዋጋ ከከፈሉት ሁሉ ስሟ በብዛት የሚዘለለው የእሷ ነው።

መንግሥት ረብሸኞቹን ቢያስርም መደምደሚያው ሌላ ነበር። የዙሪክ ካንቶን የፖለቲካ ይዘት ያላቸው የውጭ አገር ካባሬዎች እንዳይሠሩ ከለከለ፤ ሕዝቡ ደንቡን «የፌፈርሚውለ ሕግ» ብሎ ጠራው። ሌሎች ባለሥልጣናትም ተከተሉ። እዚህ ላይ የነገሩ አሠራር ግልጽ ይሆናል፦ ጽሑፉን ማንም ሕገ ወጥ ነው አላለም፤ የሚያሰምሩበት መስመር አላገኙም። ያገኙት የጸጥታ ጉዳይን ነው። ረብሻ የሚፈጥረው ወገን ሌላ ሆኖ ሳለ የረብሻ ምክንያት ተብሎ የሚታገደው መድረኩ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለማንኛውም ካባሬ ጠላት የሆነ ወገን የሚያስፈልገው ሃያ ትኬትና ሃያ ፉጨት ብቻ ነው።

ሕጉ ከ«የውጭ አገር» በሚለው ቃል ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ደግሞ ያየ አየ። በ1934 ጸደይ በዚያው በሂርሸን ሆቴል «ካባሬ ኮርኒሾን» የሚባል የስዊዞች ካባሬ ተከፍቶ ነበር። ናዚዎችን በሽሙጥ ይወጋ ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ሠርቷል። ልዩነቱ የተዋናዮቹ ፓስፖርት ነው።

ፓስፖርት

ጀርመን ጁላይ 14 ቀን 1933 ያወጣችው ሕግ ውጭ አገር ያሉ ተቃዋሚዎችን ዜግነት ለመግፈፍ ያስችላት ነበር። ስሞቹ በመንግሥት ጋዜጣ በዝርዝር ይወጣሉ። የኤሪካ አጎት ሃይንሪሽ ማን በመጀመሪያው ዝርዝር በኦገስት 1933 ወጣ፤ ክላውስ በኖቬምበር 1934፤ ኤሪካ በጁን 1935። በእሷ ላይ የቀረበው ዋና ምክንያት ካባሬው ነበር።

ዜግነት ያጣ ተዋናይ ቤቱ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ቡድን መምራት ግን አይችልም። ፌፈርሚውለ ከስዊዘርላንድ ሌላ በቼኮዝሎቫኪያ፣ በኔዘርላንድስ፣ በቤልጂየምና በሉክሰምበርግ ይዞር ነበር። ለእያንዳንዱ ድንበር ቪዛ ያስፈልጋል፤ ቪዛ የሚመታው ደግሞ ፓስፖርት ላይ ነው። መሪዋ ድንበር ላይ ከቀረች ሌሎቹም ይቀራሉ።

መፍትሔው የተገኘው በእንግሊዝ ሕግ ነው። እስከ 1948 መጨረሻ ድረስ እንግሊዛዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት በጋብቻው ቅጽበት የብሪታንያ ዜጋ ትሆን ነበር፤ የመቆያ ጊዜ የለም፤ ማመልከቻ የለም። ኤሪካ መጀመሪያ የጠየቀችው ደራሲውን ክሪስቶፈር ኢሸርውድን ነው፤ እሱ አልፈለገም፤ ነገር ግን ጓደኛውን ገጣሚውን ኦደንን ጠየቀላት። ኦደን አይቷት አያውቅም። እሺታውን በቴሌግራም ላከ። ጁን 15 ቀን 1935፣ በዚያ ጊዜ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ብዙም በማትርቀው ሌድበሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ተጋቡ፤ ከዚያም ሁለቱም ወደየሥራቸው ተመለሱ። በወረቀት እሷ እስክትሞት ድረስ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ወዳጅነታቸውም ጸንቶ ቆየ። በሚቀጥለው ዓመት ኦደን ለአይሁዳዊቷ ቴሬዘ ጊዘም እንግሊዛዊ ባል አገኘላት፤ ደራሲው ጆን ሃምፕሰን ነበር። እንዲህ ሆኖ የቡድኑ ሁለት ዋና ሴቶች በብሪታንያ ፓስፖርት ተጓዙ። ይህን እንደ ቀልድ የሚተርኩ አሉ። በ1935 አውሮፓ ውስጥ ግን ከዚህ ርካሽ፣ ፈጣንና ሕጋዊ መንገድ አልነበረም።

በዚያው ጊዜ ቤት ውስጥ ሌላ ፍልሚያ ነበር። ቶማስ ማን ከጀርመን ቢወጣም መጽሐፎቹ እዚያ እንዲሸጡ ሲል ናዚዎችን በግልጽ አላወገዘም። ልጁ በየምሽቱ በፖሊስ ጥበቃ ስትሠራ አባት ዝም ብሏል። በጃንዋሪ 1936 አሳታሚውን የሚከላከል መግለጫ ላይ ስሙን ባሰፈረ ጊዜ ኤሪካ ከእሱ ጋር እስከ መቆራረጥ የሚያደርስ መራራ ደብዳቤ ጻፈችለት። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1936 በአንድ የዙሪክ ትልቅ ጋዜጣ ላይ አቋሙን በግልጽ አሳወቀ። በዲሴምበር የእሱም ዜግነት ተገፈፈ። የኤሪካን የፖለቲካ ተጽዕኖ የሚመዝን ሰው ካባሬውን ብቻ ከቆጠረ ግማሹን ትቷል፤ የኖቤል ተሸላሚውን አባቷን ከዝምታው ያወጣችው በአብዛኛው እሷ ናት።

ኒው ዮርክ ላይ የወደቀው ምንድን ነው

እስከ 1936 ክረምት 1,034 ምሽቶች ተቆጥረዋል። የሙኒክን ወራት ጨምረን ብናካፍለው እንኳ በወር ከ25 በላይ ይሆናል። ቢሆንም መድረኩ ከቀን ወደ ቀን ይጠብ ነበር። ትንንሾቹ አገሮች ከበርሊን ጋር መጋጨትን ፈሩ፤ ፈቃዱ እየከበደ፣ ገደቡ እየበዛ መጣ። ኤሪካና ክላውስ በሴፕቴምበር 1936 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

«ፔፐርሚል» በሚል ስም የተከፈተው ጃንዋሪ 5 ቀን 1937 ነው፤ ቦታው ማንሃተን ውስጥ በቻኒን ሕንጻ ላይኛው ፎቅ ያለ ትንሽ ቲያትር። ጽሑፎቹ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው ነበር፤ በሥራው ኦደንም እጁ አለበት። ትርኢቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዘጋ። ኋላ በሌላ አዳራሽ ቢሞከርም አልተነሳም።

ጥፋቱ የተሰበጣጠረ ነው። የመጀመሪያው ልሳን ነው። ዙሪክ፣ ፕራግና አምስተርዳም ያለው የተማረ ተመልካች ጀርመንኛ ያውቃል፤ ስለዚህ ቡድኑ ድንበር ሲሻገር ቋንቋ አልተሻገረም ነበር። ኒው ዮርክ ላይ ግን ቃላቱን በሳምንታት ውስጥ በአፋቸው ያጠኑ ተዋናዮች ሽሙጥ ለመናገር ተገደዱ። ሽሙጥ ደግሞ በቃሉ ሳይሆን በቃሉ ላይ በምትቀመጥ ትንሽ ማመንታት ነው የሚሠራው። ቴሬዘ ጊዘን የመሰለች ተዋናይት በባዕድ ቋንቋ ግማሽ ሆነች። ሁለተኛው ቅርጹ ነው፤ አሜሪካዊው ተመልካች ካባሬ ሲባል የሚጠብቀው የምሽት ክበብ፣ መጠጥና ጭፈራ ነው፤ ሰዎች በአሳንሰር ወደ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ወጥተው በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው የተረት ልዑል ሲያዩ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አልገባቸውም።

ሦስተኛው ግን ከሁለቱም ይከብዳል። የሰሙ ጥበብ የሚፈለገው ወርቁን መናገር አደገኛ በሆነበት ቦታ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ የፈለገ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሂትለርን በስሙ ይሰድባል። ማንም ሳይከለክላት ስም የማትጠራ ተዋናይት ፈሪ ወይም ግራ የገባት ትመስላለች። ዙሪክ ላይ አዳራሹን በጸጥታ የሚያፍነው ያልተባለው ቃል፣ እዚህ የጎደለ ቃል ብቻ ሆነ። ሕዝቡም ጀርመን ውስጥ የሆነውን በዝርዝር አያውቅም፤ ወርቁን ከቤቱ ይዞ አልመጣም። ኤሪካ ጽሑፉን ከማስተርጎም ይልቅ እንደገና መጻፍ ነበረባት የሚል ሐሳብ ይቀርባል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ግን ፌፈርሚውለ አይሆንም፤ ሌላ ትርኢት ይሆናል።

ቴሬዘ ጊዘ ወደ ዙሪክ ተመለሰች፤ ኤፕሪል 19 ቀን 1941 በዚያው በሻውሽፒልሃውስ በጸሐፌ ተውኔቱ ብሬሽት «እናት ኩራዥ» ተውኔት ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው እሷ ናት። ሎተ ጎስላር አሜሪካ ቀርታ የራሷን የዳንስ ሥራ ገነባች።

ጭምብሉን ካወለቀች በኋላ

ኤሪካ ብዙ አልቆዘመችም። ማርች 15 ቀን 1937፣ ካባሬው በወደቀ በሁለት ወሩ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተካሄደ ታላቅ የጸረ ናዚ ስብሰባ ላይ በእንግሊዝኛ ንግግር አደረገች። ያን ጊዜ ሁሉንም በስሙ ጠራች። ከዚያ በኋላ ኑሮዋ ንግግር ሆነ፤ በኮሌጆች፣ በሴቶች ማኅበራት፣ በየከተማው አዳራሾች እየዞረች በክፍያ ትናገር ነበር፤ በአገሪቱ በጣም ከሚፈለጉት ሴት ተናጋሪዎች አንዷ ሆነች። አቀራረቧ ግን የካባሬዋ ነው፦ ከንድፈ ሐሳብ አትጀምርም፤ ከአንድ ልጅ፣ ከአንድ ደብተር፣ ከአንድ የሒሳብ ጥያቄ ትጀምራለች።

በ1938 ያሳተመችው በናዚ ጀርመን ስላለው የሕፃናት አስተዳደግ የሚተርከው መጽሐፍ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍትንና መመሪያዎችን ሰብስባ፣ አንድ ሕፃን ከጠዋት ሰላምታው ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሰማ አሳየች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 40,000 ቅጂ ተሸጠ። የተረቱ ልዑል ለአሜሪካዊው ያልነገረውን የጀርመን የመማሪያ መጽሐፍ ነገረው። በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ እዚያ ሆና በቢቢሲ ለጀርመን አድማጮች ተናገረች፤ ከጦርነቱ ፍጻሜ ጋርም በጦር ሜዳ ዘጋቢነት ተሠማራች። በ1945 ሉክሰምበርግ ሞንዶርፍ ውስጥ ጎሪንግና ሌሎቹ የናዚ ሹማምንት የታሰሩበትን ሆቴል ገብታ አየች፤ የኑረምበርግን ችሎትም ተከታትላ ጻፈች።

በአሜሪካ ያገኘችው ነጻነትም ቀን አለው። በ1947 የአሜሪካ ዜግነት አመለከተች። ጊዜው ኮሚኒስት የሚታደንበት ነበር፤ ኤፍቢአይ ስለ እሷ ለዓመታት መረጃ ሰብስቧል፤ ጎረቤቶችና ወዳጆች ስለ አመለካከቷና ስለ ግል ሕይወቷ ይጠየቁ ነበር። የንግግር ጥሪዎች አንድ በአንድ ቆሙ። ማንም አልከሰሳትም፤ ማንም አልከለከላትም፤ ማመልከቻው ብቻ ሳይመለስ ቆየ። በዲሴምበር 1950 ራሷ አነሳችው። ቡድኗን በ1934 ካገደው የፖሊስ አሠራር ጋር ሲነጻጸር ይሄኛው ጸጥ ያለ ነው፤ ለሥራ ግን ይበልጥ ገዳይ ነው፤ የሚቃወሙት ውሳኔ እንኳ የለም።

በ1952 ከወላጆቿ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ፣ ያውም ወደ ዙሪክ ካንቶን ተመለሰች። ክላውስ ቀደም ብሎ በ1949 ካን ላይ ራሱን አጥፍቶ ነበር። የቀረው ዕድሜዋ ያለፈው የአባቷን ሥራዎች በማስተዳደር፣ ከፊልም ሠሪዎች ጋር በመከራከር፣ ደብዳቤዎቹን በሦስት ቅጽ በማሳተም ነው። ኦገስት 27 ቀን 1969 በ63 ዓመቷ በአንጎል እጢ ሞተች፤ መቃብሯ ዙሪክ አጠገብ ኪልሽበርግ ነው።

ወረቀቶቿ ዛሬ በሙኒክ ሞናሴንሲያ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የፌፈርሚውለን ጽሑፎች ለማንበብ የሚነሳ ሰው አንድ ነገር ቢያስብ ይጠቅመዋል፦ ወረቀቱ ላይ ያሉት ግጥሞች ብዙዎቹ ቀላል፣ አንዳንዶቹም ተራ ናቸው። እንዲህ ሆነው የተጻፉት ሆን ተብሎ ነው። ወረቀቱ የተዘጋጀው ለፖሊስ ነበር፤ የቀረው ሁሉ በሄኒንግ ፒያኖ፣ በጊዘ ፊትና በኤሪካ ቡትስ ጫማ ላይ ነበር።